ኤክስተርናል ኤስኤስዲ ልግዛ ወይስ ሃርድ ዲስኩ ይበቃኛል? ለሰርግ ቪዲዮ ሠሪዎች፣ ከመግዣ እስከ ማስቀመጫ

ሰላም ናችሁ። የጥር ሰርግ እየቀረበ ሲመጣ ካሜራ ማን ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ፣ ያቺን መዳፍ የማትሞላ ፈጣን ኤስኤስዲ (ፋይሉን በቺፕ ላይ የምታስቀምጠውን ዲስክ) ልግዛ ወይስ በዛው ብር ትልቅ ሃርድ ዲስክ ይሻለኛል ይሉኛል። በስልክ ሳስረዳ ሁሌ የሆነ ነገር እየዘለልኩ ስለሆነ እዚህ ከሥር ከመሠረቱ ልጻፈው። እኔ ሰርግ እየቀረጽኩና ኤዲት እያደረግኩ ነው የምኖረው፣ ምሳሌዎቼም ከዛው ናቸው፣ ግን ፎቶ የምታነሱም ሙዚቃ የምትሠሩም ብዙው ነገር ለእናንተም ይሠራል።

መልሱን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ኤስኤስዲ የሥራ ዲስክ ነው፣ ሃርድ ዲስክ የማስቀመጫ ዲስክ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ስታስገቡት ነው ወይ ብራችሁ ወይ የሰው ሰርግ የሚጠፋው። ለምን እንዲህ እንደምል እየሄድን እናየዋለን።

1. መጀመሪያ የራሳችሁን ጊጋ ቁጠሩ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሰርግ ስንት ጊጋ እንደሚበላባችሁ እወቁ። ካሜራችሁ 4ኬ በ100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ከሆነ ያ በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ነው (8 ሜጋቢት ነው 1 ሜጋባይት የሚሆነው፣ ይቺን ያዙልኝ፣ ዩኤስቢ ላይ ተመልሳ ትመጣለች)፣ በሰዓት ሲመታ 45 ጊጋ። ጠዋት ከሙሽራዋ ቤት ጀምራችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይ ኒካህ፣ ከዛ የፎቶ ፕሮግራሙ፣ ከዛ አዳራሹ እያላችሁ በሁለት ካሜራ በየካሜራው 5 ሰዓት ብትቀርጹ 450 ጊጋ ይዛችሁ ነው ቤት የምትገቡት። መልሱና ቅልቅሉ ሲጨመርበት 700 ቢያልፍ አይግረማችሁ፣ ድሮን ካለ ደሞ እሱም አለ።

ስለዚህ ለእንደዚህ ዓይነት ሥራ 500 ጊጋ ኤስኤስዲ አይታሰብም፣ 1 ቴራው አንድ ሰርግ ነው የሚይዝላችሁ፣ 2 ቴራ ሲሆን ነው ትንፋሽ የምታገኙት። 1 ቴራ ተብሎ የተገዛውን ዊንዶውስ ላይ ስትሰኩት 931 ጊጋ ብቻ ቢያሳያችሁ ደሞ ሻጩ አላታለላችሁም፣ ፋብሪካው በ1000 እየቆጠረ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥር ነው።

2. ላፕቶፓችሁ ምን ያህል እንደሚችል እዩ

ብዙ ሰው ብሩን የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው። ካርቶኑ ላይ በሰከንድ 2000 ሜጋባይት ተብሎ የተጻፈበትን ዲስክ በውድ ገዝቶ ከግማሹ በላይ ማለፍ የማይችል ፖርት (የላፕቶፑ መሰኪያ ቀዳዳ) ላይ ይሰካዋል። ፍጥነቱን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፣ ዲስኩ፣ ኬብሉና ፖርቱ፣ ከሦስቱ ቀርፋፋው የሚለው ነው የሚሆነው።

የድሮው ዩኤስቢ 2.0 በወረቀት 480 ሜጋቢት ነው፣ በተግባር ግን በሰከንድ ከ35 እስከ 40 ሜጋባይት ቢሰጣችሁ ነው። ቀጥሎ ያለው 5 ጊጋቢቱ ነው፣ ወደ 400 ሜጋባይት አካባቢ ይሄዳል። ይሄኛው መጀመሪያ ዩኤስቢ 3.0 ይባል ነበር፣ ከዛ 3.1 ጄን 1 አሉት፣ ከዛ ደሞ 3.2 ጄን 1፣ ሦስቱም ስም አንድ ነገር ነው፣ ስለዚህ 3.2 የሚለውን ብቻ አይታችሁ ፈጣን ነው ብላችሁ አትግዙ፣ ጊጋቢቱን ጠይቁ። 10 ጊጋቢቱ ወደ 1000 ሜጋባይት ይደርሳል፣ እነ ሳምሰንግ ቲ7 ና ክሩሻል ኤክስ9 ፕሮ ለዚህ የተሠሩ ናቸው። ከዛ በላይ 20 ጊጋቢት አለ፣ እንደ ሳምሰንግ ቲ9 ያሉት 2000 የሚሉት እዚህ ነው፣ ችግሩ ይሄ ፖርት ያለው ላፕቶፕ ጥቂት ነው፣ አብዛኛው ማክቡክም ስለማይደግፈው ዲስኩን ስትሰኩት ወደ 10 ጊጋቢት ይወርዳል። ማክ ላይ ከ1000 በላይ የምትፈልጉ ከሆነ ተንደርቦልት ወይም ዩኤስቢ 4 የሆነ ዲስክ ነው መግዛት ያለባችሁ፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ 40 ጊጋቢት ነው፣ ዋጋውም እንደዛው።

ላፕቶፓችሁ ላይ የትኛው እንዳለ ለማወቅ የሞዴሉን ሙሉ ስም ከጀርባው ገልብጣችሁ አይታችሁ የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። ውስጡ ሰማያዊ የሆነ ፖርት አብዛኛውን ጊዜ 5 ጊጋቢት ነው ግን ቀለም ብቻውን አይታመንም፣ ታይፕ ሲ መሆኑም ምንም አይነግራችሁም፣ ታይፕ ሲ የቀዳዳው ቅርጽ እንጂ ፍጥነቱ አይደለም። አይፎን 15 ን ውሰዱ፣ ተራውም ፕሮውም ታይፕ ሲ ናቸው፣ ተራው ግን 480 ሜጋቢት ላይ የቀረ ነው፣ ፕሮው 10 ጊጋቢት ስለሆነ ፕሮሬስ የሚባለውን ከባድ የኤዲት ቪዲዮ በቀጥታ ኤስኤስዲ ላይ መቅረጽ ይችላል።

ኬብሉም እንደዛው ነው። ከስልክ ቻርጀር ጋር የሚመጡት የታይፕ ሲ ኬብሎች ብዙዎቹ ውስጣቸው ዩኤስቢ 2 ነው፣ ዲስኩን በሱ ከሰካችሁት ውድ ኤስኤስዲያችሁ 40 ሜጋባይት ላይ ይጎተታል። ከዲስኩ ጋር በካርቶኑ የመጣችውን አጭሯን ኬብል እንደ ዲስኩ ጠብቋት፣ ፕላስተር ለጥፉባትና ስም ጻፉባት፣ ለቻርጅ ለማንም እንዳትሰጧት።

3. አሁን ሚዛን ላይ አስቀምጧቸው

450 ጊጋዋን እንውሰድ። ተራው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 120 ሜጋባይት ቢሄድ ከ1 ሰዓት ትንሽ ያልፋል። 1000 የሚሄድ ኤስኤስዲ ላይ 7 ደቂቃ ተኩል። ይሄን የሰማ ሰው ወዲያው ኤስኤስዲ ግዙልኝ ይላል፣ ግን ቆይ፣ ከየት ነው ኮፒ የምታደርጉት? ከካሜራው ሚሞሪ ካርድ ከሆነ ተራው ዩኤችኤስ 1 የሚባለው ካርድ በሰከንድ 90 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚያነበው፣ እና ከሱ ወደ ሃርድ ዲስክም ገለበጣችሁ ወደ ኤስኤስዲ ያው 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ነው። ካርዳችሁና ካርድ ሪደራችሁ እስካልተቀየረ ድረስ ከሰርግ ማታ የምትጠብቁትን ጊዜ ኤስኤስዲ አያሳጥርላችሁም።

ኤስኤስዲ የሚከፍላችሁ ኤዲት ላይ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ የምትመላለስ ራስ አለች፣ ሁለት ካሜራና የድምፅ ፋይሉን አንድ ላይ ታይምላይን ላይ ስታስሮጡ ራሷ ከዚህ እዛ እየዘለለች ነው የምታነበው፣ በሜጋባይት ሲታይ እኮ ሁለት 4ኬ ከ25 ሜጋባይት አይበልጥም ግን መዝለሉ ነው የሚያንቀራፍፈው፣ ወደፊት ወደኋላ ባላችሁ ቁጥር ትጠብቃላችሁ። ኤስኤስዲ ላይ ይሄ የለም፣ የፈለጋችሁት ጋ ስትጫኑ እዛው ነው። ለሦስት ሳምንት አንድ ሰርግ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ይሄ ትልቅ እረፍት ነው፣ እኔ መጀመሪያ የቀየርኩ ሰሞን ሥራው ራሱ የቀለለኝ መሰለኝ።

ሁለተኛው ጥቅም መውደቅ ነው። ከዓመታት በፊት የአንዲት ሙሽራ ሙሉ ሰርግ ያለበት ሃርድ ዲስክ እየሠራ ሳለ ኬብሉ እግሬ ላይ ተጠምጥሞ ከጠረጴዛ ወደቀብኝ፣ ከወንበር ከፍታ እንኳን አይበልጥም ነበር፣ ከዛ በኋላ ቀጭ ቀጭ እያለ ብቻ ቀረ። ካርዶቹን ደሞ ለቀጣዩ ሥራ ፎርማት አድርጌያቸው ነበር። ባለሙያ ጋ ወስጄ የተረፈው የመልሱ ግማሽ ብቻ ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑ አልተገኘም፣ እናቷ ፊት ቁጭ ብዬ ይሄን የነገርኩበትን ቀን እስከዛሬ አልረሳውም። ኤስኤስዲ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው እንዲህ ዓይነቱን ውድቀት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይል ያልፈዋል፣ አዳራሽ ውስጥ፣ መኪና ላይ፣ ጭኑ ላይ ለሚሠራ ሰው ይሄ ብቻውን ዋጋው ነው።

አሁን ወደ ጉዳቱ። በቴራ ሲሰላ ሃርድ ዲስክ አሁንም በብዙ ይረክሳል፣ ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ካርቶኑ ላይ የማይጻፉት ግን ሌሎች ናቸው።

አንደኛው፣ ያ 1000 የሚለው ፍጥነት እስከ መጨረሻ አይዘልቅም። እህል የጫነ መኪና ሲራገፍ አይታችሁ ከሆነ ጫኝና አውራጆቹ መጀመሪያ ጆንያውን ደጁ ላይ ቶሎ ቶሎ ይቆልሉታል፣ ከዛ ነው ቀስ እያሉ ወደ መጋዘን የሚያስገቡት፣ ደጁ ሲሞላ ግን መኪናው ቆሞ ይጠብቃል። ኤስኤስዲም እንዲህ ነው፣ ፈጣን ደጅ አለው፣ ካሽ ይሉታል፣ እሱ እስኪሞላ ይበራል ከዛ ፍጥነቱ ይወርዳል። በተለይ ኪውኤልሲ የሚባለው ርካሽ ቺፕ ያለባቸው ካሹ ሲሞላ ከሃርድ ዲስክ በታች የሚወርዱም አሉ። ዲስኩ እየሞላ በሄደ ቁጥር ደጁም ይጠባል፣ ስለዚህ ሁሌ ወደ 20 ፐርሰንት ባዶ ተዉለት። ሰነድና ፎቶ ብቻ ለሚያንቀሳቅስ ሰው ይሄ አይታይም፣ በአንዴ 400 ጊጋ ለምንገለብጥ ሰዎች ግን ይታያል፣ እና ቲኤልሲ የሚባለው የተሻለ ቺፕ ያለበትን ፈልጉ። ክሩሻል ኤክስ9 ና ኤክስ9 ፕሮ በስም ተቀራርበው ውስጣቸው የሚለያየው በዚህ ነው፣ ፕሮው ቲኤልሲ ነው ያለ ፕሮው ኪውኤልሲ።

ሁለተኛው፣ ኤስኤስዲ ሲሞት ብዙ ጊዜ ሳይናገር ነው የሚሞተው። ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይንቀራፈፋል፣ ድምፅ ያሰማል፣ ከሞተ በኋላም ባለሙያ ከፍቶ የሆነ ነገር ሊያወጣለት ይችላል። ኤስኤስዲ ላይ በስህተት ያጠፋችሁት ፋይል ትሪም በሚባለው አሠራር ወዲያው ከቺፑ ላይ ሊጸዳ ይችላል፣ ብዙዎቹም ውስጣቸው በራሱ ስለሚመሰጥር ቺፑን ነቅሎ ማንበብ ጥቅም የለውም።

ሦስተኛው፣ ሳይሰካ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት መቀመጥ አይወድም። ዳታው በቺፑ ውስጥ በተያዘ ኤሌክትሪክ ነው የሚቀመጠው፣ ያ ደሞ ቀስ በቀስ ይፈሳል። ለተራ ተጠቃሚ ኤስኤስዲ ያለው የኢንዱስትሪ መስፈርት የመጻፍ ዕድሜውን የጨረሰ ዲስክ ሳይሰካ በ30 ዲግሪ 1 ዓመት ዳታውን እንዲይዝ ነው የሚጠይቀው። አዲስ ዲስክ ከዛ እጅግ ይቆያል፣ አትደንግጡ፣ ግን ሙቀት ያፋጥነዋል፣ እና ድሬዳዋ ወይ ሠመራ ወይ ዱባይ ለምትሠሩ፣ የደንበኛን ሰርግ ኤስኤስዲ ላይ ቆልፎ 10 ዓመት ማስቀመጥ ትክክለኛ ቦታው አይደለም። መኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ላይም አትተዉት።

4. ሱቅ ስትገቡ

16 ቴራ ኤስኤስዲ በርካሽ የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ ውጡ። ውጪያዊው ኤስኤስዲ በብዛት 1፣ 2 ና 4 ቴራ ነው፣ 8 ጥቂት ነው፣ ከዛ በላይ በኪስ ዋጋ የለም። እነዛ ሀሰተኞቹ ሲከፈቱ ውስጣቸው አንዲት ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ተለጥፋ ነው የምትገኘው፣ ሶፍትዌሩን አዛብተውት ኮምፒውተሩ ላይ 16 ቴራ ብሎ ይታያል፣ ኮፒ ስታደርጉም እሺ ይላል፣ ከእውነተኛው መጠኑ ካለፋችሁ በኋላ ግን የምትጽፉት ሁሉ የለም ወይም በፊት የነበረውን ይደመስሳል። ይሄን ሰርግ ላይ ነው የምታውቁት።

መርካቶም ይሁን ቦሌ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ፣ "ወንድም እዚሁ ሰክቼ ልየው" ማለት ነውር የለውም፣ ደህና ነጋዴ አይከፋውም። ካርቶኑ መታሸጉን፣ ዲስኩ ላይ ያለው ሲሪያል ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አንድ መሆኑን እዩ፣ ብዙ አምራቾች ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ ማጣራት ይፈቅዳሉ። መመለሻ ቀን በደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ከውጭ በሰው እጅ የምታስመጡ ከሆነ ዘመዳችሁ ሻንጣው እንዲቀልለት ብሎ ካርቶኑንና ኬብሉን እንዳይጥለው አስቀድማችሁ ንገሩት።

5. ቤት እንደገባችሁ፣ ምንም ሥራ ሳትጭኑበት

መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ሙሉት። ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ማክ ላይ ኤፍ3፣ ዲስኩን ከጫፍ ጫፍ ጽፈው መልሰው ያነቡታል፣ የጻፈውና ያነበበው አንድ ካልሆነ ዲስኩ ወይ ሀሰተኛ ነው ወይ ጉድለት አለበት፣ በዛው ቀን መልሱት። ሰዓት ይወስዳል፣ ይውሰድ። ከዛ ፍጥነቱን ለመለካት ክሪስታልዲስክማርክ ወይም ማክ ላይ ብላክማጂክ ዲስክ ስፒድ ቴስት አሂዱና ቁጥሩን ጻፉ፣ 40 አካባቢ ካሳያችሁ ኬብሉ ወይ ፖርቱ ነው፣ 400 ካላችሁ 5 ጊጋቢት ፖርት ላይ ናችሁ።

ቀጥሎ ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩ ፋይል የሚይዝበት አደረጃጀት። ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ የሰርግ ቪዲዮ እዛ ላይ ወዲያው ያቆማል። ዊንዶውስም ማክም የምታገናኙ ከሆነ ኤክስፋት አድርጉት፣ ሁለቱም ያነቡታል ይጽፉበታል። ዊንዶውስ ብቻ ከሆናችሁ ግን እኔ ኤንቲኤፍኤስ ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ኤክስፋት የሚጽፈውን ቀድሞ የሚመዘግብበት ጆርናል የለውም፣ ዴስክቶፕ ላይ እየጻፋችሁ መብራት ድርግም ሲል ፎልደሩ በሙሉ ሊበላሽ ይችላል፣ በእኛ አገር መብራት ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ማክ ብቻ ከሆናችሁ የአፕል የራሱ የሆነው ኤፒኤፍኤስ።

የሰው ቤት ጉዳይ ስለያዛችሁ ይለፍ ቃልም አድርጉበት፣ ዲስኩ ታክሲ ውስጥ ቢቀር ሙሽሮቹ ቴሌግራም ላይ እንዳይወጡ። ዊንዶውስ ፕሮ ላይ ቢትሎከር አለ፣ ማክ ላይ ፎርማት ሲደረግ ኢንክሪፕትድ የሚለውን መምረጥ ነው። ቃሉን ከረሳችሁት የሚከፍትላችሁ የለም፣ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

6. ሥራ ላይ

ከካርድ ስታወጡ ኮፒ እንጂ ከት አታድርጉ። ዊንዶውስ ላይ ቴራኮፒ ቬሪፋይ የሚል ምርጫ አለው፣ ገልብጦ ከጨረሰ በኋላ ፋይሎቹን ያስተያያል፣ እሱን ክፍት አድርጉት። መጀመሪያ ወደ ኤስኤስዲ፣ ከዛ ከኤስኤስዲ ወደ ሃርድ ዲስክ፣ ሁለቱም ላይ ተከፍቶ መጫወቱን ሳታዩ ካርዱን ፎርማት ማድረግ የለም፣ ሌላ ሰርግ ነገ ቢኖርም የለም፣ ሌላ ካርድ ተበደሩ።

ኤዲቱን ኤስኤስዲው ላይ ሥሩ፣ የፕሮጀክት ፋይሉን ግን በየማታው ላፕቶፑም ላይ ቅዱት፣ ትንሽ ናት። ስትነቅሉ ኢጀክት ብላችሁ ንቀሉ፣ ላፕቶፑን ክዳኑን ዘግታችሁ ዲስኩ እንደተንጠለጠለ ከክፍል ክፍል አትሂዱ። ሙሽሮቹ ተረክበው ሲጨርሱ ሰርጉን ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አድርጋችሁ ከኤስኤስዲው አጥፉት፣ ለቀጣዩ ባዶ ይሁን። ሁለቱ ሃርድ ዲስኮች አንድ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጡ፣ አንዱ ስቱዲዮ አንዱ ቤት። ማስቀመጫዎቹ ሃርድ ዲስኮች ሁሌ ስለማይንቀሳቀሱ መውደቁም ይቀንሳል፣ መቀርፈፋቸውም አይጎዳችሁም፣ ማታ አስጀምሮ መተኛት ነው።

ብራችሁ ለአንድ ብቻ ከበቃስ? እኔ ብሆን ሁለት ተራ ሃርድ ዲስክ እገዛለሁ፣ ኤዲቱንም በፕሮክሲ (በቪዲዮው ቀለል ያለ ግልባጭ) በላፕቶፑ የውስጥ ዲስክ እሠራለሁ፣ ኤስኤስዲው ከቀጣዩ ሰርግ ቀብድ ይመጣል። ፈጣን ሆኖ አንድ ኮፒ ብቻ ያለው ሥራ ያስፈራኛል።

ክረምት ላይ፣ ፍልሰታ ገብቶ ሰርግ ሲቀዘቅዝ፣ የተቀመጡትን ዲስኮች ሁሉ አንድ በአንድ አውጥታችሁ ሰኩ። ከየሰርጉ ሁለት ሦስት ፋይል ክፈቱ፣ ከዛ ክሪስታልዲስክኢንፎ ላይ ጤንነቱን እዩ፣ ሰማያዊ ሆኖ ጉድ ካለ ቀኑን ፕላስተሩ ላይ ጽፋችሁ መልሱት፣ ቢጫ ሆኖ ኮሽን ካለ በዛው ቀን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡት።